ማን ሞቶባቸው ነው የተላጩት?

አዲስ ከተማ፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር
መስከረም 28 ቀን 1984 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለስንታየሁ ጓንጉል፣ ምሥራቅ ጀርመን።

ከሰላምታው በፊት ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ራሴ መሆኔን እወቅ። ፖስታ ቤቱ ደጃፍ የሚቀመጡት ጸሐፊዎች ዘንድ አልሄድኩም። ልብስ ሻጩ ኑሪ፣ ያ ጎረቤቴ፣ "ጋሽ ጓንጉል፣ እርስዎ ይንገሩኝና እኔ ልጻፈው" ቢለኝ "መሠረተ ትምህርት የገባሁት ለሰው ላስጽፍ ነው እንዴ?" አልኩት። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሠው። ወስፌ የለመደ እጅ እስክሪብቶ ሲይዝ ወረቀቱን ሊበሳው ይደርሳል።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል ብዬህ የነበረውን እርሳው፤ ተሽሎኛል። ባይሻለኝም አንተ እዚያ ሆነህ አታሽለኝም።

ልምጣ ወይ ብለህ ለጠየቅከኝ፣ አትምጣ። የላከኝ መንግሥት ፈረሰ፣ የተቀበለኝም መንግሥት ፈረሰ ትለኛለህ። የጫማ ሱቅ ቢፈርስ እግርህ ላይ ያለው ጫማ ይፈርሳል? ያ ተማሪ ቤት ከተዘጋ ሌላ ፈልግ። እዚህ ሰፈሩ ሁሉ የጓንጉል ልጅ መሐንዲስ ሆኖ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። ሲያዩኝ "መቼ ነው?" ይሉኛል፤ "ሲጨርስ" እላለሁ። ባዶ እጅህን እንዳትመጣብኝ።

እዚህ ሰላም ነው፤ ሰላም ካልሆነም ይለመዳል። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ዳር የተበተነው ሠራዊት ልጆች ከስክስ ጫማቸውን እያወለቁ ይሸጣሉ። ሸጠው በነጠላ ጫማ ሲሄዱ ቀና ብሎ የሚያያቸው የለም። እኔ አንዱን ደህና ከስክስ ገዝቼ ሶሉን ለውጬ፣ የበሰበሰውን ክር ጥዬ በነጭ አዲስ ክር አስሬ አስቀምጬልሃለሁ። በረዶ ነው ስላልክ። የሚሄድ ሰው ሲገኝ እልከዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ከመሸ አንወጣም፣ ጭንቅላታቸውን የተላጩ ልጆች ባቡር ጣቢያው ጋ ቆመው ይጠብቁናል ብለሃል። ማን ሞቶባቸው ነው የተላጩት? ሐዘንተኛ ከሆኑ ምን ያስፈራል? ቀረብ ብላችሁ እግዜር ያጥናችሁ በሏቸው። ምልምል ወታደር ከሆኑም አለቃ አላቸው፤ ሄዳችሁ ለአለቃቸው ንገሩ። ወንድ ልጅ መላጣ አይፈራም።

የበፍቃዱ እናት ደብሪቱ ከሸማ ተራ ብዙ ሰላም ትላችኋለች። ፊደል ስለማትቆጥር የልጇን ደብዳቤ የማነብላት እኔ መሆኔን ታውቃለህ። ከአንድ ግቢ ወጥታችሁ አንድ ክፍል ማደራችሁ እሷንም እኔንም ያስተኛናል። እንዳትለያዩ።

አባትህ ጓንጉል ይመር


ኅዳር 12 ቀን 1984 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ፊደልዎ አልተንጋደደም፤ ተንጋዶም ከሆነ እኔ አላየሁትም። ለበፍቃዱ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። "እግዜር ያጥናችሁ በሏቸው" የሚለው ጋ ስደርስ ከአልጋው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ብዙ ሳንስቅ ከርመን ነበርና እግዚአብሔር ይስጥልን።

አባባ፣ ሐዘንተኞች አይደሉም። ወታደርም አይደሉም። ስኪንሄድ ይባላሉ፤ ራሰ ላጭ እንደማለት ነው። ስለነሱ የማውቀውን ሁሉ የነገረን ከኛ በታች ባለው ፎቅ ከእናቱ ጋር የሚኖር ሬኔ የሚባል ልጅ ነው። እንዳይደነግጡ፤ ሬኔ ራሱም የተላጨ ነው። መጀመሪያ ደረጃው ላይ ያየነው ቀን እኔና በፍቃዱ ወደ ላይ ሮጠን በራችንን ቆለፍን። እሱ ተከትሎን መጥቶ አንኳኳ። ለካ በሩጫው መሀል የበፍቃዱ ኮፍያ ወድቆ ኖሮ ሊመልስለት ነው።

ነገሩ የተጀመረው እዚህ ሳይሆን ለንደን ነው፤ እኔ በተወለድኩበት ዘመን ገደማ። የወደብና የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ናቸው የጀመሩት። ያኔ ጸጉር ማስረዘም የተማሪና የሀብታም ልጅ ፋሽን ስለነበር፣ እኛ የላብ አደር ልጆች ነን ሲሉ ጸጉራቸውን ከሥሩ አሳጠሩ። ጫማቸው የሥራ ከስክስ፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ሱሪያቸው ከስክሱ እንዲታይ ወደ ላይ የታጠፈ፣ በትከሻ ማንገቻ የተያዘ። ዘፈኑንና ጭፈራውን የወሰዱት ከጃማይካ ከመጡ ጎረቤቶቻቸው፣ ከጥቁር ልጆች ነው። አንድ አዳራሽ ገብተው አብረው ይጨፍሩ ነበር። ሬኔ ግን የራሱን ወገን ብሎ አይዋሽም። ያኔም ቢሆን ከእስያ የመጡትን እያሳደዱ የሚደበድቡ ነበሩባቸው ይላል። ኋላ ሥራ ሲጠፋ "እንጀራችሁን የወሰደባችሁ የውጭ ሰው ነው" የሚሉ ፖለቲከኞች ገቡባቸው። ልብሱ ሳይለወጥ ልቡ ተለወጠ።

እዚህ አገር በድሮው መንግሥት ጊዜም ነበሩ፤ መንግሥት ግን እኛ ዘንድ የሉም ይል ነበር። ግንቡ ፈርሶ ፋብሪካው ሲዘጋ በአደባባይ ወጡ። እንደ ሬኔ ያሉት፣ ዘረኝነትን የሚጠሉት፣ ጥቂት ናቸው፤ ከሁለቱም በኩል ይጠመዳሉ። ሰላማዊው ሰው ራሳቸውን አይቶ ይሸሻቸዋል፣ መላጦቹ ደግሞ ከሃዲ ይሏቸዋል።

በፍቃዱ አንድ ቀን "ታዲያ ልብሱን አውልቀህ ለምን አትተውላቸውም?" አለው።

"ሰፈርህ ሌባ ቢገባ ሰፈሩን ለቀህለት ትሄዳለህ?" አለ ሬኔ።

"የኔ ሰፈርማ መርካቶ ነው፤ ሌባው ነው ለቆ የሚሄደው!"

ሬኔ መርካቶ ምን እንደሆነ ጠየቀን። ስንነግረው አመሸን። አንድ ቀን አየዋለሁ ብሏል።

ከስክሱን ግን እባክዎ አይላኩልኝ። ክሩን ነጭ ማድረግዎ ደግሞ ይባስ አስደነገጠኝ። እዚህ ነጭ ክር ያሰረ ነጭ ይበልጣል ማለቱ ነው ይላሉ። ሌላ ከተማ ሌላ ትርጉም አለው የሚሉም አሉ፤ በትክክል የሚያውቅ የለም። ሰው ግን ፊት ከማየቱ በፊት እግር ያያል። እኔም አሁን መንገድ ላይ አንገቴን ደፍቼ ጫማ ጫማ ነው የማየው። የጫማ ሰሪ ልጅ መሆኔ እዚህ እንዲህ ሆኖ ወጣ።

ልምጣ ብዬ የጠየቅኩዎ ስለ ትምህርቱ ብቻ አልነበረም። ግን እንዳሉኝ እቆያለሁ።

ልጅዎ ስንታየሁ


ጥር 3 ቀን 1984 ዓ.ም.

ይድረስ ለስንታየሁ።

ከስክሴን እምቢ ማለትህን ሰማሁ። በዚህ እድሜዬ ጫማ መለሱብኝ፣ ያውም የገዛ ልጄ። የጫማ ክር የተሠራው ጫማ ለማሰር ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። ቢሆንም ነጩን ፈትቼ ጥቁር አድርጌዋለሁ። ፈርቼ አይደለም፤ ነጩ ቶሎ ይቆሽሻል።

ከጥቁር ልጅ ጭፈራ ተምረው ጥቁር ይመታሉ ያልከውን ለኑሪ አነበብኩለት።

"ጋሽ ጓንጉል፣ እኔ ከቦንዳ ውስጥ ስንቱን የፈረንጅ ጃኬት አውጥቼ ሸጫለሁ። ጃኬት ሰው ሲመታ አላየሁም" አለኝ።

"ጃኬት ነው እንዴ ያልኩህ? ለባሹን ነው እንጂ!"

"እኮ፣ ለባሹን ይፍሩ። ልጁ የጻፈልዎትም ይሄንኑ ነው።"

"ማነው የፈራ? አንተ ደግሞ!" ብዬው ወጣሁ።

የውጭ አገር ዜና ላይ ጀርመን ውስጥ የውጭ ሰዎች የሚያድሩበት ቤት በድንጋይና በእሳት ተመታ ሲል ሰማሁ። ከተማውን ሳልሰማ ሬዲዮውን ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮዬ ኑሪ ሱቅ ነው የሚያድረው። ደብሪቱ ጎራ ስትል እንዳትሰማ ብዬ ነው።

እናንተ ያላችሁበት ስንተኛ ፎቅ ነው? መስኮቱ ወደ መንገድ ነው ወይስ ወደ ጓሮ? በሩ በቁልፍ ብቻ ነው የሚዘጋው ወይስ መወርወሪያ አለው? ከኋላ ሌላ መውጫ አለ? ይህን የምጠይቅህ እንዲሁ ለጨዋታ ነው፤ ስለ ቤቱ ጽፈህልኝ ስለማታውቅ። ሶል ስቀጠቅጥ የመዶሻው ድምፅ የማላውቀውን በር የሚደበድቡ ይመስለኛል። እርጅና ነው።

ያን ሬኔ የምትለውን ልጅ አላመንኩትም። ልብሱ የነሱ፣ ራሱ የነሱ፣ እኔ ግን ሌላ ነኝ የሚል ሰው ሲቸግረው ወዴት እንደሚዞር አይታወቅም። አትቅረቡት።

በፍቃዱ ለገና አልጻፈላትም። ድሮም ለመጻፍ ሰነፍ ነው፤ የሷ ልብ ግን ይህን አይቀበልም። በየቀኑ እየመጣች "ጓንጉል፣ ደብዳቤ መጣ?" ስትለኝ ጊዜ፣ ያምናውን አውጥቼ እንደ አዲስ አነበብኩላት። ጨርሼ ሳጥፈው "ይሄንን በረዶ አምናም እንዲሁ አይቶት አልነበር?" አለችኝ። በረዶው በየዓመቱ ነው የሚወርደው አልኳት። ጋቢዋን አጣጥፋ ሄደች። ጻፍ በለው፤ ሁለት መስመርም ቢሆን ይጻፍ።

አትምጣ ያልኩህን አልለወጥኩም።

አባትህ


የካቲት 20 ቀን 1984 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ስላጠረ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። መስኮቱ ወደ መንገድ ነበር፤ አሁን ወደ ጓሮ የሚያይ ክፍል ተቀይሮልኛል። በሩ መወርወሪያ አለው፤ በቅርቡ ነው የገባለት።

ለእትዬ ደብሪቱ ሰላም ይበሉልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ስላለሁበት ሁኔታ አሁን አይጠይቁኝ፤ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ። መልኬን እንዳይረሱት ብዬ ፎቶግራፍ ልኬልዎታለሁ። ለመታወቂያ የተነሣሁት ነው፤ ሌላ ስለሌለኝ ነው።

ጉልበትዎን ከብርድ ይጠብቁ።

ልጅዎ ስንታየሁ


መጋቢት 29 ቀን 1984 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ።

ፎቶግራፉን አየሁት። ራስህን ተላጭተሃል።

ያን ራስ ከዚህ ቀደም ያየሁት እናትህ ፍሬሕይወት የሞተች ጊዜ ብቻ ነው። ምላጩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከግራ ጆሮህ በላይ ያለችው ጠባሳ ያኔም እንዲሁ ወጥታ ታየች። ዓይንህም ያን ጊዜ እንደነበረው ነው።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። የበፍቃዱ ስም አንድም ቦታ የለም። ተቀይሮልኛል ያልከውን ክፍል አየሁት፤ የገባውን መወርወሪያም አየሁት። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አሳድጌሃለሁና ታውቃለህ። አንተም ሥርዓቱን ጠብቀህ፣ ሌላው ሳያውቅ ለኔ ብቻ እንዲገባኝ የተላጨ ራስህን ላክህልኝ። ገብቶኛል። ደህና አድርገሃል።

ለኑሪ ነገርኩት። "ጸጉር ተላጨ ብለው ሰው ይገድላሉ እንዴ? መጀመሪያ እንደውልለት" አለኝ። ከሱቁ በሰጠኸን ቁጥር ደወልን። አንድ ወንድ አነሣው። ኑሪ ያንተን ስም ጠራ፣ የበፍቃዱንም ጠራ። ሰውየው በቋንቋው ጮኾበት ዘጋው። ኑሪ ስልኩን እንደያዘ ቀረ፤ ፊቱ ሌላ ሆነ። እኔ ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬ አልነበረኝም። እሱ ግን አሁንም "ይጻፉለትና መልሱን እንጠብቅ፤ መርዶ መቼም አያመልጥም" አለ። "የኛን ሥርዓት አንተ ልታስተምረኝ ነው?" ብዬ ጮኽኩበት። እሷ ልጇ ሞቶ ሳለ በየቀኑ ደብዳቤ መጣ ወይ እያለች ስትጠይቀኝ፣ እኔ የበረዶ ወሬ ሳነብላት ልኑር?

የዕድሩን ሽማግሌዎች ይዤ በማለዳ ሄድን። ሌሎቹ ወደኋላ ቀርተው እኔ ነበርኩ ፊት። በሩን ከፍታ እኔን ብቻ አየችና "ጓንጉል፣ ደብዳቤ መጣ?" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም።

ድንኳኑ ዛሬ ተነሥቷል። ጸጉሯን ተላጭታለች። በክርስትና ስሙ ጸሎት ተደርጎለታል፤ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ያለ ሰው ሁሉ መጥቶ ቆሟል። አጠገቧ ስቀመጥ ፈቀቅ ትልልኛለች፣ እንደ ድሮው ቦታ ልትሰጠኝ።

አንተ አሁን እዚያ ብቻህን ነህ። ይህን ሳስበው እጄ ሥራ አይዝም። የሰው ጫማ ግራውን ከግራ አጣምሬ ሰጥቼ ተመልሶብኛል። አንድ ነገር ልጽፍልህ እስክሪብቶውን አንሥቼ ነበር፤ አልጻፍኩትም። መጀመሪያ ደህና መሆንህን ጻፍልኝ። ከበር አትውጣ። ከወጣህም ቶሎ ጻፍልኝ።

አባትህ


ሚያዝያ 20 ቀን 1984 ዓ.ም.

አባባ፣

በፍቃዱ አልሞተም! በሕይወት አለ! ይህን መስመር እንዳነበቡ ወረቀቱን ይዘው ወደ እትዬ ደብሪቱ ይሂዱ። የቀረውን ኋላ ያነቡታል።

ከተመለሱ ልንገርዎ። የሞተው ሬኔ ነው።

ስለዚያ ቀን ብዙ መጻፍ አልችልም። መላጦቹ ተሰብስበው ወደኛ ሕንጻ መጡ። ሬኔ ደረጃው ላይ ወጥቶ ቆመ። እነሱ ጫማውን አዩ፣ ራሱን አዩ፣ የኛው ነው ዞር ይልልናል ብለው መሰለኝ "እለፍ" አሉት። አላለፈም። ደብድበው ሲጥሉት በፍቃዱ ሊያነሣው ብሎ ከክፍላችን ወጣ። እኔ ምን እንዳደረግሁ አይጠይቁኝ። ሬኔ ሐኪም ቤት ደርሶ ነው የሞተው። የበፍቃዱ ቀኝ ክንዱና መንጋጋው ተሰብሮ ነበር፤ እየዳነ ነው። "ጋሽ ጓንጉል የእጅ ጽሑፌን ያውቃሉ፤ አንተ ብትጽፍልኝ እማማ ትረበሻለች፤ እስክድን ምንም እንዳትል" ብሎ አስማለኝ፤ ይህንንም አፉ ታስሮ ስለነበር በግራ እጁ ጽፎ ነው። ደህና ነው ብዬ መዋሸት አቃተኝ። ለዚያ ነው ስሙን ያለፍኩት። ከመዋሸት ዝምታ ይሻላል ብዬ ነበር።

የተላጨሁት ለሬኔ ነው። እዚህ የለቅሶ ወግ እንደኛ አይደለም። እናቱ በሯን ዘግታ ዋለች፤ ጎረቤት አልመጣላትም፣ ጋዜጠኛ ብቻ ነው የሚያንኳኳው። እኔ ምን እንደሚደረግ አላወቅሁም፤ የማውቀው እርስዎ ያሳዩኝን ብቻ ነው። ምላጭ ገዝቼ ተላጨሁ። በፍቃዱም ተኝቶ ነርሷን በእጅ ምልክት ለምኖ ተላጨ። ከዚያ ወርጄ የእናትየውን በር አንኳኳሁ። ከፍታ ራሴን ስታይ ጮኸች፤ ከነሱ አንዱ መስያት ነው። ቀጥላ ፊቴን አየች።

"አንተም እንደሱ ሆንክ?" አለችኝ።

"አይ፤ እኛ ዘንድ ሰው ሲሞትብን ነው" አልኳት።

እጇን ራሴ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ አስገባችኝ።

ቀብሩ ላይ የተላጨ ሰው ብዙ ነበር። ወዳጆቹ እነማን እንደሆኑ፣ እኛን ለማየት የመጡት እነማን እንደሆኑ መለየት አቃተኝ። ጫማቸውን አየሁ፤ ክሩን አየሁ፤ ምንም አልነገረኝም። አፈር ሲለብስ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደቆመ ለማየት አልደፈርኩም።

ስልኩን ያነሣው የሕንጻው ዘበኛ ነው። እየደወሉ የሚዝቱበት ስላሉ የውጭ ሰው ድምፅ ሲሰማ ይዘጋል። ልነግርዎ ይገባ ነበር።

አሁን ፍርድ ቤት ምስክር ሆነን እንድንቀርብ ተጠይቀናል። ያየነው እኛ ሁለታችን ነን። ስማችን ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ባቡር ጣቢያው ጋ የሚቆሙት አሁን በስሜ ይጠሩኛል፤ አስተካክለው ነው የሚጠሩኝ። ጸጉሬ ቶሎ አያድግልኝም፤ ኮፍያ አድርጌ እወጣለሁ።

ባለፈው ዓመት የጠየቅኩዎትን ደግሜ አልጠይቅዎትም። እርስዎ ግን ያውቁታል።

ልጅዎ ስንታየሁ


ግንቦት 14 ቀን 1984 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለስንታየሁና ለልጄ ለበፍቃዱ።

እንዳልከኝ መጀመሪያዋን መስመር አንብቤ ወጣሁ። ደንበኛ አንድ እግሩን አውልቆ ሱቄ ተቀምጦ ነበር፤ እንደተቀመጠ ትቼው ነው። ከሱቄ ሸማ ተራ ድረስ ጉልበቴ አላመመኝም። ኑሪ ሲያየኝ ሱቁን ክፍት ትቶ ተከተለኝ።

ደብሪቱ ከል ለብሳ ሸማ ስትለካ ደረስን። አፌ አልከፈት አለኝ። ወረቀቱን ለኑሪ ሰጠሁት፤ አነበበላት። እኔ ደብዳቤዬን ለሰው አላስነካም ስል የኖርኩት ሰውዬ።

"ማን ነው የጻፈው?" አለች።

"ስንታየሁ ነው፣ እትዬ" አለ ኑሪ።

"ያኔስ ማን ነበር የጻፈው?"

"ያኔ... ያኔ የጻፈ የለም። ጋሽ ጓንጉል ናቸው፣ ከፎቶው ላይ..."

በያዘችው የመለኪያ እንጨት ትከሻዬን መታችኝ። ደገመችኝ። ሸማ ተራ ሙሉ ሰው ሥራውን አቁሞ አየ። "አንተ ነህ የገደልከው? አንተ ነህ ደግሞ የምታስነሣው? ማን ሆነህ ነው?" አለች። ከዚያ ሸማው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ አለቀሰችም፤ የትኛው እንደሚበዛ አላውቅም።

በማግስቱ ሱቄ መጣች። ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።

"ያ ደረጃው ላይ የቆመው ልጅ ስሙ ማን ነው?"

"ሬኔ።"

"የክርስትና ስሙስ?"

"እዚያ አገር ብዙው አይጠመቅም ይላሉ።"

"ማን አለቀሰለት?"

"እናቱ። ጎረቤት አልመጣላትም ይላል ስንታየሁ። እነሱ ብቻ ተላጭተው ሄዱላት።"

ራሷን ዳሰሰች። ጸጉሯ ገና አልወጣም። "እኔ አልቅሼለታለሁ" አለች። "ድንኳን ተጥሎለታል። ሰፈሩ ንፍሮውን በልቶለታል። ለልጄ ያደረግሁት ሁሉ ለሱ ይሁንለት። ከሉንም አላወልቅም፤ የጀመርኩትን እጨርሳለሁ። ለእናቱ እንዲህ ብላለች ብለህ ጻፍ።"

ቤተ ክርስቲያን ሄደን ቄሱን ጠየቅናቸው። "በማን ስም ነው የሚታሰበው?" አሉ። "በልጄ ስም ያደረሳችሁትን እግዚአብሔር ለማን እንደሚሰጠው ያውቃል፤ እርስዎ አይጨነቁ" አለቻቸው። አልተቆጡም። ይህንንም ለእናትየው ንገራት። እኔ ግን ያን ልጅ አላምነውም ብዬ እንደጻፍኩ አትንገራት።

እኔም ተላጨሁ። ጢሜ እንጂ ጸጉሬ ያን ያህል አልቀረም ነበር፤ ያለውን አነሣሁት። ኑሪ ገና ሲያየኝ "ጋሽ ጓንጉል፣ እርስዎም መላጦቹ ውስጥ ገቡ?" አለኝ። ተክለ ሃይማኖት መንገድ ላይ የማያቆመኝ የለም። "ጓንጉል፣ ማን ሞቶብህ ነው?" ይሉኛል። "አንድ የጀርመን ልጅ" እላቸዋለሁ። የሚስቅም አለ። ከሳቀ በኋላ የሚጠይቀኝን ቆሜ እነግረዋለሁ፤ የለንደኑን፣ የጭፈራውን፣ የደረጃውን። የሚሄደውን እተወዋለሁ።

አሁን ባለፈው ያልጻፍኩትን ልጻፍ። መጀመሪያ ምስክርነታችሁን ስጡ። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ፊደሉን አይተህ ታውቀዋለህ፤ ጉልበቴ ነው፣ እርጅና ነው አልልህም። ፈርቻለሁ። በስምህ ይጠሩኛል ያልከውን ካነበብኩ ጀምሮ ስምህን የሚጠራ ሰው ስሰማ እደነግጣለሁ፤ ደብሪቱም ስትጠራህ እንኳ። ግን ሳትናገሩ ብትመጡ ያ ልጅ ደረጃው ላይ ብቻውን ይቀራል። ተናገሩ፣ ለብቻ አትሂዱ፣ ተያይዛችሁ ግቡ፣ ተያይዛችሁ ውጡ።

ከዚያ ኑ። በሚቀጥለው ዓመት አላልኩም፣ ስትጨርሱ አላልኩም። የትምህርት ወረቀት የላቸውም የሚል ሰው ካለ ሱቄ መጥቶ ይንገረኝ። ባዶ እጅህን እንዳትመጣ ያልኩበትን ደብዳቤ ፈልገህ ቅደደው። ደብሪቱ የሚበርዳችሁ እየመሰላት ለሁለታችሁ ጋቢ እያስሸመነች ነው።

ጫማ እንገዛ ብላችሁ አንድ ቀን እንኳ አትዘግዩ። በባዶ እግራችሁም ቢሆን ኑ፤ እዚህ ጫማ ሰሪ አላችሁ።

አባታችሁ ጓንጉል ይመር